ዘንዶው ለምን ሳያልቅ ቀረ

እቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳዬ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሳንቃ ላይ ነው። ጨዋ የሆነው አይቶ ዝም ይላል። ጨዋነቱ እስከ ሁለተኛው ብርሌ ብቻ የሚዘልቀው ደግሞ «ቤት ተቃጥሎብህ ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ከጥቁሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ዘንዶ፣ ጦር የሰበቀ ጎልማሳና ጥቂት ቀይ ቀለም ይታያሉ። ጎልማሳው ግን ፊት የለውም። ፊቱ መሆን በሚገባው ቦታ ያልተነካ እንጨት ብቻ አለ። ሥዕሉ ለአንድ አዳራሽ ተብሎ ተጀምሮ እዚያ ሳይሰቀል የቀረ ነው። «ምነው ሳትጨርሰው?» ሲሉኝ «ስንፍና ነው» እላለሁ፤ ሁሉም ሳይጠራጠር ያምነኛል። ሰው ራሱን ሲያመሰግን ማስረጃ ይጠየቃል እንጂ ራሱን ሲሰድብ ማን ምስክር ጥራ ይለዋል? ለእናንተ ግን እውነቱን ላውጋችሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ቀይ ሽብር ጎንደርን በሚያምስበት ክረምት። እኔ ከፒያሳ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሠዓሊ ነኝ እል ነበር። ሠዓሊ ነኝ ማለትና ሠዓሊ መሆን ለየቅል ናቸው። እንጀራዬ የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር፤ ሱቁ ሲወረስና ሲዘጋ ደግሞ መፈክር መጻፍ ሆነ። ልቤ ያለው ግን ከተረት ሰዎች ዘንድ ነው። ንግሥተ ሳባን፣ ድሮ አገሩን ይገዛ የነበረውን ዘንዶ፣ ገዳዩን ጀግና፣ ባሕር ውስጥ ትኖራለች የሚሏትን ጠጉረ ረጅም ሴት ስስል ብውል ምሳም አያምረኝ።

ችግሩ ቀለም ነው። ከተማው በሙሉ መፈክር ይጽፋል፤ የመፈክር ቀለም ደግሞ ቀይ ነው። ቀይ የዘይት ቀለም እንደ ልብ ሲገኝ ጥቁሩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም ደብዛቸው ጠፋ። በቀይ ብቻ ምን ይሣላል? አንድ ጊዜ ቀይ ንግሥት በቀይ በቅሎ አስቀምጬ በቀይ ሜዳ ላይ ባስኬዳት፣ ያየ ሰው ሁሉ «የበርበሬ ማስታወቂያ ነው?» አለኝ። ሲቸግር ብልሃት አይጠፋምና ጥቁሩን ከእሳት ልበደር ብዬ ቆረጥሁ። ብረት አግዬ ሳንቃ ላይ እየተኮስሁ የሰውን መልክ በመስመር አወጣለሁ፤ እንጨቱ ሲቃጠል አንዳንዴ ቡናማ፣ አንዳንዴ ድቅድቅ ጥቁር ይሰጠኛል። ከዚያ በኋላ ቀዩን በዘይት ከላዩ እቀባለሁ። በዓለም ላይ ይህን ያሰበ የመጀመሪያው ሰው እኔ የሆንሁ መሰለኝና ደስታ እንቅልፍ ነሣኝ። አንድ ባላገር በበሩ አልፎ ሲሄድ አይቶ «ምነው፣ ይኸ እኮ እኛ ጥጃ ላይ የምናደርገው ነው!» እስኪለኝ ድረስ።

በዚህ መላ የሠራኋት የመጀመሪያዋ ንግሥተ ሳባ ጉድ አፈላችብኝ። የተተኮሰው ሳንቃ ሳይበርድ ቀለሙን ለቀለቅሁበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙም አልሆነልኝ። ዘይቱ ሙቀቱን ሲያገኝ ቀልጦ የንግሥቲቱን ቀይ ከንፈር ከአገጯ በታች አወረደው። ያዘዘኝ ሰውዬ ጎንበስ ቀና ብሎ ካየ በኋላ «አፏ ምነው ራቀ?» አለኝ። «የጥንት ሰው እኮ ፊቱ ረጅም ነበር» አልሁት። አመስግኖኝ ተሸክሟት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሳንቃው ሳይበርድ ቀለም አልነካም።

ዝናዬ በዚህ ሁኔታ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። ሊቀመንበራችን ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ትከሻና ወገብ በቃሉ ያውቀዋል። ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ ግን ሲያየን ምናችንን እንደሚለካ እንጃ። የእኅቱ ልጅ ከታፈሱት ተማሪዎች ጋር ተወስዶ አልተመለሰም። ያን ሰሞን ሊቀመንበሩ ስብሰባ መካከል ተነሥቶ «እኔ የአብዮት ጠላት ዘመድ የለኝም!» ብሎ ፎከረ፤ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ የልጁን ስም ከአፉ የሰማ የለም።

«ለአብዮት በዓል ለአዳራሻችን ትልቅ ሥዕል ትሠራለህ» አለኝ። «ሰፊው ሕዝብ የፊውዳሉን ዘንዶ ሲወጋ።»

«በደስታ ጓድ። ፈረሱን ነጭ ላድርገው?» ነጭ ቀለም እንደሌለኝ ረስቼዋለሁ።

«የምን ፈረስ?»

«ዘንዶ የሚወጋ ሰው መቼም ያለ ፈረስ…»

«ፈረስ የባላባት ነው። በእግሩ ይሂድ።»

«ዛፍ ላይ ሆና ዘንዶውን የምትጠብቀው ልጅስ?»

ጥቂት አሰበ። «ትደራጅ» አለኝ።

የተደራጀች ልጅ እንዴት እንደምትሣል ስላላወቅሁ ጨርሶ ተውኋት። የቀሩኝ አንድ እግረኛና አንድ ዘንዶ ናቸው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ከቀበሌ አመጡልኝና ሥራ ጀመርሁ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ ይመኙሻል ልውሰዳችሁ። ትውልዳቸው አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ነው። ባላቸው ሲሞቱ አንድ ልጄን ላስተምር ብለው ጎንደር ገቡ። ልጃቸው ማሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፌ ላይ ቆሞ ሥዕሌን ያይና «የዚህኛው ሰው እጁ ስድስት ጣት አለው» ብሎኝ ይሄዳል። ስቆጥር እውነቱን ነው። ያ ማሩ በዚያው ሰሞን ታፈሰ። መገደሉ ተሰማ፤ ሬሳው ግን ለእናቱ አልተሰጠም።

እንዲህ ለሞተ ልጅ አይለቀስም ነበር። ድንኳን የለም፤ ነጠላ ማዘቅዘቅ የለም፤ ጠጉር መላጨት የለም። ዓይኑ ቀልቶ የታየ ሰው «ለማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የመልሱ ጣጣ ብዙ ነው። አገራችን ሰው ሲሞት ደረት እየመታ፣ ሙሾ እያወረደ፣ ያላለቀሰውን ጎረቤት ዓመት ሙሉ እየታዘበ የኖረ አገር ነው። ለብቻ ማልቀስ አልለመድንም፤ ዋጥ አድርጎ መቀመጥማ ጭራሽ አናውቅበትም። እትዬ ይመኙሻል ግን በነጋታው ነጫቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸው እንደ ደረቀ ገበያ ወጡ። ሰፈሩ አየ። እኔም አየሁና «እንዴት ያሉ ጠንካራ ሴት ናቸው» አልሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም።

ዘንዶውን መተኮስ በጀመርሁ ቀን ብቅ አሉ።

«ምነው፣ ምን እያቃጠልህ ነው?»

«ዘንዶ ነው እትዬ።»

«ሸጋ ነው» አሉ፣ ሳያዩት። በርጩማ ስበው ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉ። ምድጃዬ ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ነው፤ ክፍሏም ያላት አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ናት። ጥቂት ቆይተው እንባቸው ይወርድ ጀመር።

«ጭሱ ነው» አሉ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ወደ ውጭ ወጣ ይበሉ እንጂ እትዬ።»

«አይ፣ እስቲ ሥራህን ልይ።»

በማግስቱ አንድ እቅፍ እንጨት ይዘውልኝ መጡ፤ ያን ዕለት የተቆረጠ፣ ቅጠሉ እንኳ ያልረገፈ ባሕር ዛፍ። ብረት የሚያግል ፍም ነው፤ ጭስ ምን ያደርግልኛል? «እትዬ፣ ይኸ እኮ እርጥብ ነው» አልኋቸው። «ነው እንዴ?» አሉ ተገርመው። በሚቀጥለው ቀን ከዚያ የባሰ፣ ውኃው የሚንጠባጠብ አመጡልኝ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ እንጨት ሲለቅሙ ያደጉ የአርማጭሆ ሴት ደረቁን ከእርጥቡ መለየት አቅቷቸዋል ብዬ ማመኔን። እንዲያውም «ደረቅ እንጨት ሲሰበር ቋ ይላል» ብዬ አስተማርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

ቅዳሜ ለገበያ ከትክል ድንጋይ የመጡት የባላቸው ወንድም አያ በላይ ተከትለዋቸው ገቡ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ አገጫቸውን ከዱላው አናት አሳርፈው ዘንዶውን እያዩ እንባቸውን አወረዱት። ቀጥሎ ከሆስፒታል የምትመለስ ጎረቤታችን ነርስ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ መጣች። ከዚያ የማላውቃቸው እናቶች መጡ። በርጩማ አልቆ በቀለም ጣሳ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ሁሉም ይገባሉ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ዘንዶውን ያያሉ፤ ያለቅሳሉ፤ «ጭሱ ነው» ብለው ይወጣሉ።

ጭሱ ነው ቢሉኝም አላመንኋቸውም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ልባቸውን ያገኘው የእኔ ዘንዶ እንደሆነ ገባኝ። ጭሱን የሚያነሡት ባላገርነታቸው ስሜታቸውን አላስገልጽ ቢላቸው ነው ብዬ አዘንሁላቸው። ጠጉሬን ማሳደግ ጀመርሁ። ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ ለአንድ ወዳጄ «ሥዕሌ ሰው ያስለቅሳል» ስለው «እኔንም ያቺ አፏ የወረደው ንግሥት አስለቅሳኝ ነበር» አለኝ። ቅናት ነው አልሁ። ለጎብኚዎቼም ማብራሪያ መስጠት ያዝሁ።

«አያ በላይ፣ የጅራቱን አጠቃለል ሲያዩት ምን ይሰማዎታል?»

«ይጨሳል» አሉኝ።

አጭር ሂስ ነው ብዬ ወደድሁት።

እንግዲህ ታላቅ ሰው ለአድናቂዎቹ ማሰብ አለበት። ከወዳጄ አንድ ጆንያ ደረቅ ከሰል ለመንሁና የእትዬን እርጥብ ባሕር ዛፍ ወደ ጓሮ ወረወርሁት። መስኮቷንም ከክፈፏ ነቅዬ ሰፋ አደረግኋት። ቤቱ ወለል አለ። ዝናቡ አባርቶ ማዶ ያለው ጋራ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘንዶዬ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።

መጡና ተቀመጡ። ማንም አላለቀሰም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነርሷ ሰዓቷን አየች። አያ በላይ ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። የእትዬ ይመኙሻል ዓይን እንደ ደረቀ ነው፤ ከንፈራቸውን እስኪነጣ ነክሰውታል። እኔ «ዛሬ በደንብ ይታያል አይደል?» እያልሁ እቁነጠነጣለሁ። አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። እትዬ ይመኙሻል ብቻ ቀሩ።

«ምነው ጭሱን ከለከልኸን?»

«ዓይናችሁን እንዳይጎዳችሁ ብዬ ነው እትዬ።»

«የኔ ዓይን ከእንግዲህ ማንን ሊያይበት?» አሉ። ወደ በሩ ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማሩን ያለቀስሁት እዚህ ነው። ቤቴ ባለቅስ ጎረቤት ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ባለቅስ የሚያይ አለ። ቀሐ ወርጄ አልቅሼ ብመለስ ዓይኔ ቀልቶ ያገኙኛል። ካንተ ቤት ስወጣ ግን ጭስ ጭስ እየሸተትሁ ነው የምወጣ፤ ማንም ምን ሆንሽ አይለኝ። አያ በላይም የወንድሙን ልጅ እዚህ ነው ያለቀሰው። ነርሷም ወንድም ነበራት።»

ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት ነበረበት፤ እኔ ግን መቼ አስችሎኝ!

«ሥዕሉንስ?» አልኋቸው። «ሥዕሉን አላያችሁትም?»

ቀና ብለው አዩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያዩት አልመሰለኝም። እግረኛውን አዩ፤ ጦሩን አዩ፤ እጁ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ጣቱን እየቆጠሩ ነበር መሰለኝ። ማሩ ነግሯቸው ይሆናል።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ብቻ አደራህን፣ አትጨርሰው።»

ሠዓሊ በዕድሜው ብዙ ይታዘዛል። ፈረሱን አውጣው፣ ልጅቷን አደራጃት፣ አፏን መልሰው ይባላል። አትጨርሰው ያለኝ ሰው ግን ከእሳቸው በፊትም በኋላም የለም። እኔ ልጅ የለኝም፤ ለቅሶ የምደርሰው ንፍሮ ለመቆርጠም ነበር። ያን ቀን ግን ጓሮ ሄጄ የወረወርሁትን ባሕር ዛፍ ለቀምሁ። መስኮቷንም እንደ ድሮዋ አጠበብኋት።

ከዚያ በኋላ የተኮስሁትን መተኮስ እግዜር ይቁጠረው። የዘንዶውን ቅርፊት አንድ በአንድ ሠራሁ፤ ቅርፊቱ ሲያልቅ በየቅርፊቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቅርፊት አደረግሁ። ከዘንዶው እግር ሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ጉንዳን ተኮስሁ። የእግረኛውን ጫማ ስፌት ሳይቀር አወጣሁት። ሰማዩ ባዶ ቢሆንብኝ ደመና፣ ደመናው ቢሞላ አሞራ ጨመርሁ። ሳንቃው ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ ዘንዶው ራሱ የት እንደገባ መፈለግ ያዝሁ። ቀዩን የዘይት ቀለም ለይስሙላ ከምላሱ ላይ ጠብ አድርጌ «ይድረቅ» እላለሁ፤ በጎንደር ክረምት የዘይት ቀለም ቶሎ ደርቆ አያውቅም። እርጥቡ እንጨት ይጨሳል፤ ሰዎቹ ያለቅሳሉ፤ እኔም እሥላለሁ፤ ሁላችንም ጭሱን እንረግማለን።

የጎልማሳውን ፊት ግን አልነካሁም። ብረቱን አግዬ ስጠጋ እጄ እምቢ ይለኛል። የማሩን ፊት ብሠራው እናቱ ያውቁታል፤ ካወቁት ይጮኻሉ፤ ከጮኹ ሁላችንም አለቀልን። የሌላ ሰው ፊት እንዳላደርግበት ደግሞ እሳቸው እያዩኝ አላስቻለኝም።

ሊቀመንበሩ በየጊዜው ይመጣል። ግን ከበሩ አያልፍም። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ «ጭስ አይስማማኝም» ይልና ከደጅ ቆሞ ይጠይቀኛል።

«መቼ ነው የሚያልቅ?»

«ዘንዶው ትልቅ ነው ጓድ። ፊውዳሊዝም ቀላል አይደለም።»

ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። እኔ ግን እሱ በሄደ ቁጥር ላብ በላብ እሆናለሁ። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ቀን ቀን እኔ ቤት ተቀምጦ የሚያለቅስበትን ምክንያት አንድ ቀን ቢጠይቅ፣ የሚጠየቁት እትዬ ይመኙሻል ናቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ማን እንደሚጠየቅ ማሰቡን አልወደውም ነበር።

ጳጉሜን ገባች። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሰው የጎደለበትን ይቆጥራል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሁሉም መጥተዋል፤ አደይ የያዘ አንድም ሰው የለም። አያ በላይ አገጫቸውን ከዱላው ሳያነሡ፣ አፋቸውን ብዙም ሳይከፍቱ እንዲህ አሉ።

«ዓመቱም ዞረና ደጃፋችን ቆመ፣
የኔ ልጅ ምን ነካው የት ቀርቶ ከረመ።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይይዛል! እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ተንሰቀሰቁ። ነርሷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እኔም ብረቱን ጥዬ፣ ስድስት ጣት የቆጠረብኝን ልጅ እያሰብሁ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እሳቱን ማን ያስታውሰው። መቼ እንደጠፋ ያየ የለም። ጭሱም በመስኮቷ ወጥቶ አልቋል።

በሩ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ነው።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ጭሱ ነው ጓድ!» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

ቤቱ ጥርት ብሏል፤ በመስኮቷ ማዶ ያለው ጋራ ይታያል። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጅ አልፎ ገባ። ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጁን አመዱ ላይ አሳረፈ። ቀዝቅዟል። እጁን አላነሣም። እኔ በዚያች ቅጽበት የወረስሁትንም የማወርሰውንም አሰብሁ፤ ያለኝ ቀይ ቀለም ብቻ ነበር። እትዬ ይመኙሻል ከተቀመጡበት ተነሡና «እኔ ነኝ ልጄ፤ እነሱ አያውቁም» አሉት። አያ በላይ እጃቸውን ይዘው ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ፤ እምቢ አሉ።

ሊቀመንበሩ የሰማቸውም አልመሰለኝ። ቀና ብሎ ሥዕሉን ያያል። ዘንዶውን አልፎ፣ ጦሩን አልፎ፣ ፊት ከሌለው ጎልማሳ ላይ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ድሮ ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል እንደሚያየን አየው።

«ትከሻው ሰፋ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጁ ቀጭን ነበር።»

የትኛው ልጅ ብሎ የጠየቀው የለም። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና የቀለም ጣሳ ስቦ በእትዬ ይመኙሻል አጠገብ ተቀመጠ። እሳቸውም ተቀመጡ።

«እሳቱን አንድደው እንጂ» አለኝ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ቶሎ የሚያያዘውን ከሰል ላነሣ ጎንበስ አልሁ።

«ከሰሉን ተው» አለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «እርጥቡን ጨምርበት።»